የወጌሻው ዋስ

በከተማችን ሐኪም ጠፋ የሚል ሰው ታሞ አያውቅም ማለት ነው። እስቲ አራዳ ገበያ መሐል ቁሙና «ራሴን አመመኝ» በሉ። ቅቤ ሻጯ ዳማከሴ ጨምቃ ታቀርብላችኋለች፤ ኮርቻ ሰፊው ዋገምት ካልተደረገላችሁ አትድኑም ብሎ ይምላል፤ አላፊ አግዳሚው ደግሞ በቅሎውን አቁሞ «ከእንጥል ነው» በማለት አፋችሁን ያስከፍታችኋል። ማን ፈቀደልህ ብትሉት አባቱን ይጠራል። ለአባቱስ ማን ፈቀደለት? አያቱ። እንዲህ እያላችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ራስ ምታታችሁን ትረሱታላችሁ፤ ምናልባት መድኃኒቱም እርሱ ይሆናል።

እኔ ግን አልስቅባቸውም። በእነዚህ ሰዎች እጅ የዳነ ብዙ ነው፤ ያልዳነም አለ። የዳነው ገበያ ወጥቶ ያወራል፣ ያልዳነው ቤቱ ይቀራል፤ እኛም የምንሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሥራዬ ከጊዮርጊስ በታች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ አቤቱታ መጻፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጫኝ እያነከሰ መጣ። የተሰበረ እግሩን አንድ መንገደኛ መድኃኒተኛ አስሮለት ጠምሞ ገጥሟል። ክሰስልኝ አለኝ። ማንን ልክሰስ? ሰውየው ስሙም አገሩም አይታወቅም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ አፈሩ። ያለ ዋስ በቅሎ እንኳ በማይሸጥበት አገር የሰው አጥንት ያለ ዋስ ይነካል? ከዛሬ ጀምሮ በሰፈራችን ገላ የሚነካ ሁሉ ዋስ ጠርቶ ውል ይግባ ተባለ።

የመጀመሪያው ተጠሪ አያ ይመር ሆነ። አያ ይመር የወሎ ሰው፣ ቤቱ እሪ በከንቱ የሆነ ወጌሻ ነው፤ ለወጌሻ ከዚህ የሚስማማ ሰፈር ካለ ንገሩኝ። ወለም ያለ ቁርጭምጭሚቴን ቀደም ብሎ አሽቶ መልሶልኝ ስለነበር ዋሱ እኔ ሆንሁ፤ ቢያጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ውሉንም የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ እንዲህ ይላል፦ የማልችለውን እችላለሁ አልልም። ጠጥቼ ሰው አልነካም። (ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ሰውዬ እዚህ ላይ ሳቀ።) አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ አልነካም፣ ወደ ሐኪም ቤት እልካለሁ። ማንበብ አይችልምና ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ በቃሉ ያዘው። እኔ በበኩሌ ጽሕፈቴ ማማሩን እያየሁ ነበር።

ክረምት ገባ። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አዳለጠኝና በቀኝ እጄ ወደቅሁ። ቀና ስል ከአንጓዬ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። ደሙን ሳይሆን እንጀራዬን ነው ያየሁት፤ በግራው ለሚጽፍ ሰው አቤቱታውን ማን ይሰጠዋል? ተሸክመው አያ ይመር ቤት አደረሱኝ።

አየና እጁን ዘረጋ፤ ወዲያው ሰበሰበው።

«ይኼስ የእኔ አይደለም ጌታው። ተነሡ፣ ፈረንጁ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

ፈረንጁ እጅ ይቆርጣል ተብሎ በሚወራበት ጊዜ ይህን ይለኛል! ለመንሁት፤ ተቆጣሁት፤ ያደረግሁልህን ረሳህ አልሁት፣ አንቱታዬንም ጥዬ።

«ቆዳ ቀዶ ከወጣ አልነካም። ወላሂ፣ የጣፉት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ የጻፍሁት ለሌላው ሰው ነው!» ብዬ ጮህሁ። ሳስታውሰው ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ደግፎ ወሰደኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ፈረንጁ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ አያ ይመር ግን በአልጋውና በሐኪሙ መካከል ቆመ። አስተርጓሚውን ጠርቶ፣

«ዋሱ ማን ነው? በልልኝ» አለ።

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመ። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ባለማኅተም ወረቀት ጠቆመ።

«ወረቀትማ እኔም አለኝ። የጠየቅሁት ሰው ነው።» ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዘወር አለ። «እንግዲያው የአገሩ ሰው አይደለም፤ ዋስ ከየት ያመጣል? እኔ ዋስ ሆኜዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ማኅተም ያለው ሐኪም ማኅተም በሌለው ወጌሻ ዋስነት አጠበኝ፣ ሰፋኝ፣ አሰረኝ። አያ ይመርም በየሳምንቱ እየመጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ዋስ ነዋ! እጄ ዳነ። ጽሕፈቴ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብላል እንጂ ይነበባል።

ብዕር በያዝሁ በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሄጄ ውሉን ከደረቱ አስወጥቼ ተቀበልሁት። ውል እንዲፈርስ የለመነ ሰው ዋስ መሆን አይገባውም፤ ስሜን ልሰርዘው ነው አልሁት። አያ ይመር ወረቀቱን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ።

«አይሰርዙት ጌታው። ያን ቀን እንዲያ ሲለምኑኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ልነካዎት ነበር። ባጠፋ ተጠያቂው ማን ነው ብዬ ሳስብ፣ ስምዎ ትዝ አለኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ወደ ደረቱ መለሰው። ስሜ ዛሬም እዚያው ነው።