በመስቀል ዋዜማ ወደ መርካቶ

ብቻውን ትልቅ ከተማ የሚሄድ ሰው መካሪ አያጣም። ኪስህን ጠብቅ ይሉታል። መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝ እይ፤ ዕቃህን ልያዝልህ የሚልህን አትመን፤ ፎቅ ለማየት ብለህ አታንጋጥ፣ ባላገርነትህ ይታወቅብሃል። ይህን ሁሉ የሚመክር ሰው ታዲያ ዋናውን ነገር ሳይነግረው ይሸኘዋል። ከክፋት እንዳይመስላችሁ። ዋናው ነገር ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ደግሞ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። እንግዳ ሲመጣባችሁ፣ እዚህ አገር ፀሐይ በምሥራቅ ነው የምትወጣው ብላችሁ ትነግሩታላችሁ? አትነግሩትም።

እኔ ይህን የተማርኩት ወልቂጤ ነው። ዘመኑ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ያሉበት ነው። እኔም ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ፣ በአካባቢው አንድ ዘመድ የሌለኝ፣ አንድ ኮትና ሁለት ሱሪ ያለኝ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማዋ የገባሁት ኅዳር ላይ ስለሆነ የጉራጌን መስቀል ገና አላየሁም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ በረንዳ ላይ፣ ትብለጥ የምትባል ልጅ ልብስ ትሰፋ ነበር። ስለ መልኳ ብዙ አልልም። ሁለቱን ሱሪዎቼን ሆን ብዬ በየተራ እየቀደድኩ እወስድላት ነበር ካልኳችሁ ይበቃል።

«መምህር፣ ይሄ ሱሪ እሾህ ላይ ነው እንዴ የሚሰጣው?» ትለኝ ነበር። እያወቀች እኮ ነው።

መስከረም በጠባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ «የቡታጅራው ባለ ካሚዮን ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ» አለችኝ። ካሚዮን! እኔ እንኳን ካሚዮን ብስክሌትም የለኝም።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ የሰው ሱሪ እሰፋለሁ።» የስፌት መኪናዋን ጥቂት አንቀጫቀጨችና ጨመረች፦ «ቁም ነገር ካለዎት አባቴን ያነጋግሩ።»

«አባትሽ የት ናቸው?»

«መርካቶ ነዋ፤ ጨርቅ ተራ» አለች፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ።

አባቷ አቶ ሳህሌ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ መሆናቸውን ከዚያ በፊትም ሰምቻለሁ፤ ዓይቻቸው ግን አላውቅም። የምልከው ሽማግሌ የለኝ፣ የሚላክልኝ ዘመድ የለኝ፤ ስለዚህ ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አልኩ። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ፈቃድ ያገኘሁት ለመስቀል በዓል ሲዘጋ ነበርና በዋዜማው ጧት ልብሴን አጣጥፌ ተነሣሁ። ለማንም ጉዳዬን አልተናገርኩም።

አከራዬ እትዬ ወለላ በር ላይ አገኙኝ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«አዲስ አበባ።»

«በመስቀል?» ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ማን ሞተብህ?»

ማንም አልሞተብኝም ብላቸው አላመኑኝም። መርዶውን የደበቅኳቸው መሰላቸው መሰለኝ፣ እንባ እየተናነቃቸው ጓዳ ገቡና በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አይብና ጎመን ክትፎ ከነቅቤው ቋጥረው አስያዙኝ። «ሐዘን ላይም ቢሆን መስቀል ሳይቀመስ አይታለፍም» አሉ። እኔም በልቤ፣ ለአቶ ሳህሌ እጅ መንሻ ተገኘ አልኩ።

ከጅማ የመጣው አውቶቡስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ረዳቱ ከሹፌሩ በስተኋላ ያሉትን ወንበሮች በሙሉ አሳየኝና የወደድከው ላይ ተኛ አለኝ። ከወዲያ በኩል የሚመጡት መኪናዎች ግን፣ እናንተ! ጣራቸው ላይ ሳይቀር ሰው ተጭኖ፣ እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ ያልፉናል። አንዳንዶቹ በመስኮት አጮልቀው እጃቸውን ያወዛውዙልኝ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ እኔም አወዛወዝኩ።

ወሊሶ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ሻይ ቤቱ ወደ ታች በሚወርድ መንገደኛ ጢም ብሏል። ቦታ ስፈልግ አንድ አዲስ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሞቅ ያለ ፊት ያላቸው ሰው ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?»

«አዲስ አበባ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ለጓደኞቻቸው በጉራጌኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉና ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። «አቅጣጫው ተምታታብህ እንዴ? መስቀል እኮ በዚህ በኩል ነው» አሉ ወደ ወልቂጤ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«መርካቶ የምፈልገው ሰው አለ።»

«መርካቶ ሰው የለም። ሰዎቹ እኛ ነን።»

ኩራቴን ነኩት። «የምፈልገው ሰው ትልቅ ነጋዴ ነው፤ በበዓል ገበያ ሱቁን ዘግቶ የሚዞር ዓይነት አይደለም» አልኩ።

ሰውየው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «እንደዚያ ያለ ሰው ካገኘህ ሰላም በልልኝ» አሉና የሻዬን ከፈሉ።

እናንተማ ነቅታችኋል። እኔ ግን ጉራጌ ለመስቀል ሱቁን ዘግቶ አገሩ እንደሚገባ የገባኝ መርካቶ ደርሼ ነው። ሰው ከሰው ጋር ይጋፋበታል ሲባል የሰማሁት ጨርቅ ተራ ጭር ብሎ፣ የቆርቆሮው በር ሁሉ ተቆልፎ ጠበቀኝ። በአንደኛው ደጃፍ ላይ፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሽብሩ ይባላሉ፤ የተጉለት ሰው ናቸው።

«አቶ ሳህሌን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ከየት መጣህ?»

«ከወልቂጤ።»

መጀመሪያ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሣጥኑ ላይ እስኪወዛወዙ ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ ዛሬ ጧት እኮ ነው ወደ ወልቂጤ የሸኘኋቸው! ያን አዲስ ባርኔጣ አድርገው!»

ባርኔጣው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀልኝ፣ አልኩ። ዘግቶ የሚዞር ብዬ የሰደብኩት ሰው አማቴ ሊሆን የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እሑድ ሲመጣ ባለ ካሚዮኑ ሽማግሌዎቹን ደጃቸው ላይ ሊያቆም ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ የተቆለፈ በር ሥር። ወደ ታች የሚሄደው መኪና ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ከመስቀል ማግሥት በፊት መመለሻ አልተገኘልኝም።

የመስቀል ዕለት ቀትር ላይ ቋጠሮውን ፈታሁት። ጋሽ ሽብሩ የኮባው ሽታ ሲደርሳቸው ሣጥናቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«አቶ ሳህሌ ደግ ናቸው» አሉ። «ለበዓሉ ዶሮ ገዝተውልኝ ነው የሚሄዱት። ግን ዶሮ ብቻውን የሚበላ ሰው አይተሃል? ለአንዲት ጎረቤት ሴትዮ እሰጣትና ሽሮዬን እበላለሁ።»

በላን። አጎረሱኝ፣ አጎረስኳቸው። ስለ ሟች ሚስታቸው ነገሩኝ፣ እኔም ስለ ትብለጥ ነገርኳቸው። በሩን ትተው መሄድ ስለማይችሉ እኔም እሳቸውን ትቼ መሄድ አስጠላኝ። ስለዚህ ያን ጊዜ አዲስ አበባ እንዴት ናት ብትሉኝ፣ ያየኋት ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ነው። ስንሰነባበት፣ «ለአቶ ሳህሌ፣ ሽብሩ ዘንድሮ መስቀልን ከሰው ጋር ዋለ በልልኝ» አሉኝ።

ወልቂጤ ስገባ ትብለጥ መሄዴን ከእትዬ ወለላ ሰምታ በረንዳው ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «አባቴን ያነጋግሩ አልኩ እንጂ ያሳድዱ አልኩ?» አለችኝ። ልትቆጣ ነበር፣ ሳቅ ቀደማት።

ቤታቸው ስገባ አቶ ሳህሌ ገና ከደጃፍ ለዩኝ። «አንተ! የምትፈልገውን ሰው አገኘኸው?»

«አሁን ገና አገኘሁት።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ላብ እያጠመቀኝ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ሽማግሌህስ?» አሉ።

«ሰው የለኝም። ከጋሽ ሽብሩ ግን መልእክት ይዣለሁ።» መልእክቱን ነገርኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «ምን በላችሁ?»

«እጅ መንሻ ብዬ ለእርስዎ የያዝኩትን።»

«አብራችሁ?»

«አብረን።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ቁልፍ ትቼለት እመጣለሁ፤ ዶሮ ትቼለት እመጣለሁ። ሰው አስቤለት አላውቅም» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሎ ነበር።

እሑድ የባለ ካሚዮኑ ሽማግሌዎች መጡ። ክትፎ በልተው፣ ተከብረው፣ «ሌላ ሽማግሌ ቀድሟችኋል» ተብለው ተሸኙ። ማን ቀደመን ብለው ቢጠይቁ፣ «ዘበኛዬ» አሏቸው አቶ ሳህሌ።

ለእኔ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ «ከእንግዲህ ሽብሩ መስቀልን ብቻውን እንዳይውል።» በደስታ ሰክሬ፣ ምን ገዶኝ፣ እሺ አልኩ። ቃሉ በማን ላይ እንደወደቀ የገባኝ በዓመቱ፣ አማቴ በመስቀል ዋዜማ ቋጠሮውን ሲያስይዙኝ ነው።

ይኸውላችሁ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ አቶ ሳህሌም ጋሽ ሽብሩም አረፉ። ሱቁ ግን አለ፣ ደጃፉም ዘበኛ አያጣም፤ ትብለጥም የአባቷን ቃል የምታፈርስ ሴት አይደለችም። የጉራጌ አማች ሆኜ አረጀሁ፤ የወልቂጤን መስቀል ግን እስከ ዛሬ በወሬ ነው የማውቀው። ደስ ይላል አሉ።

በየዓመቱ ወሊሶ ላይ፣ ባዶ መኪና ውስጥ ኮባ ታቅፌ ሲያየኝ፣ አቅጣጫው ተምታታብህ እንዴ የሚለኝ አንድ ሰው አላጣም።

«አልተምታታብኝም» እለዋለሁ። «ሚስቴን ያገኘሁት በዚህ በኩል ነው።»