«ሚስ አስተማሪ» በፖሊስ ሬዲዮ

ሰው ሁሉ ለዘመድ ሊያስረዳው የማይችል አንድ ሱስ አለው። መጠጥና ቁማር ቀላል ናቸው፤ ስማቸውን ብትጠሩ ማንም ይገባዋል፣ ይመክራችኋል፣ ጠበል ይጠቁማችኋል፣ ወይ ፓስተሩ ዘንድ ይወስዳችኋል። የእኔን ግን ለእናቴ በስልክ ላስረዳ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፌያለሁ። «ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሬዲዮ የሚነጋገሩትን አዳምጣለሁ» ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይከፍሉሃል?» አለችኝ። አይከፍሉኝም ስላት የባሰ ደነገጠች።

እናንተም ከመደንገጣችሁ በፊት ልንገራችሁ፤ በዚያን ጊዜ እኛ በምንኖርበት አካባቢ መሣሪያውን ከሱቅ ገዝቶ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም። ስካነር ይባላል። በእጅ የሚያዝ፣ አጭር አንቴና ያለው፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለለ ሰው የሚያወራበትን ሲፈልግ የሚውል ዕቃ ነው። ሥራው ከአንዳንድ ጎረቤቶቻችን ሥራ ብዙም አይለይም።

ያስጀመሩኝ ጋሽ መስፍን ናቸው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በስደት ከተማችን በአሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ አብረን እንሠራ ነበር፤ እሳቸው የጠዋቱን ሺፍት፣ እኔ የከሰዓቱን። አገር ቤት በመንገድ ሥራ ካምፕ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከበረሃ በረሃ እየተዘዋወሩ ናፍጣና ጎማ በሬዲዮ ሲያዝዙ ኖረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥተው አንድ ክፍል ተከራዩና ቲኬት መቁረጫው ፊት ተቀመጡ። አንድ ቀን ሺፍት ልረከባቸው ስገባ ትንሿ መስታወት ቤት ውስጥ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ይንጫጫል።

«ጋሽ መስፍን፣ ሬዲዮዎ ተበላሽቷል» አልኳቸው።

«አልተበላሸም። እያወራ ነው።»

«ምን እያለ?»

«ላንተ አይደለም የሚናገረው» ብለው ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ጩኸቱ ጠፍቶ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የመንገድ ስም ስትጠራ ሰማሁ። በዚያው ወር እኔም አንድ ያገለገለ ስካነር ገዛሁ።

ገዛሁና ተቃጠልኩ። ፖሊሱ «ተጠርጣሪው አጥር ዘልሎ ወደ…» ይልና፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ፣ ሌላ ሰው ገብቶ «…ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ሞልቷል» ይላል። አንድ ሳምንት ሙሉ የአሌክሳንድሪያ ሌባ ሁሉ ገንዳ ውስጥ የሚደበቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ መስፍን ስቀው ስቀው ሲያበቁ በዚያው በፓርኪንጋችን ምሳሌ አስረዱኝ። «ድሮ ፖሊስም፣ እሳት አደጋም፣ ቆሻሻ አንሺውም እያንዳንዱ የራሱ መስመር ነበረው። ለየደንበኛው የግል ቦታ እንደ መስጠት ነው። ደንበኛው ሲወጣ ቦታው ባዶውን ይውላል፤ ሌላው ግን ቦታ አጥቶ ሲዞር ይውላል። አሁን ‹ትራንክድ› የሚባል ሲስተም መጣ። ማንም የግል ቦታ የለውም። በር ላይ ያለው ኮምፒውተር የመጣውን ሁሉ ክፍት ወደሆነው ይመራዋል። ፖሊሱ አሁን ሦስተኛው መስመር ላይ ተናገረ፤ ቀጥሎ ሲናገር ሰባተኛው ላይ ነው። አንተ ሦስተኛው ላይ ተገትረህ ስትጠብቀው የቆሻሻው መኪና ገባበት።»

«ያ የሚንጫጫውስ?»

«እሱማ በረኛው ነው! በሰው ቋንቋ ሳይሆን በዳታ ነው የሚያወራው። ለየትኛው ቡድን የትኛው መስመር እንደተሰጠ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ደህና ስካነር በረኛውን እየሰማ ሰውየውን በሄደበት ይከተለዋል። ያንተ ግን በረኛው ምን እንደሚል አይገባውም።»

እንዲህ ባለ አስተማሪ እጅ የወደቀ ሰው ወደኋላ አይልም። አዲሱን ስካነር ገዛሁ። ሁለታችንም ማክሰኞ ኦፍ ስለነበርን፣ ጋሽ መስፍን ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር አሌክሳንድሪያ ድረስ ይመጡ ጀመር፤ የእኔ አፓርታማ ሰባተኛ ፎቅ ስለሆነ ከእሳቸው ቤት ይልቅ ጥሩ ይይዛል። ባለቤቴ ማክሰኞን ሆን ብላ የሥራ ቀን አደረገችው። እኛ በረንዳው ላይ አንቴና ሰቅለን፣ የየቡድኑን ቁጥር በወፍራም ደብተር እየጻፍን፣ የማናውቃቸውን ሰዎች ስናዳምጥ እንውላለን።

እነዚያ ማክሰኞዎች ዛሬም ይናፍቁኛል። ለየድምፁ ስም አውጥተንለት ነበር። ክረምት ከበጋ አፍንጫዋ የታፈነው፣ ፖሊሶቹን ከማዕከል በሬዲዮ የምታሰማራው ሴት «ጉንፋን» ነበረች። ለሁሉም ነገር የሚያመሰግነው የእሳት አደጋ ሰውዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ነበር። ማይኩን አፏ ውስጥ ከትታ እንደሚያባርሯት ሰው የምትናገረው ወጣት ፖሊስ ደግሞ «ጥድፊያ»። ጋሽ መስፍን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የሰማኸውን ለሰው አትናገር፣ ወደሰማህበት ቦታም ዝር አትበል። ሁለት ዓመት አክብረነዋል።

ያፈረስነው በአንድ የመጋቢት ማክሰኞ ነው። ረፋድ ላይ ጥድፊያ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስለተቀመጡ አንዲት አሮጊት ማውራት ጀመረች። ነጭ ስስ ልብስ ለብሰዋል፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ፖሊስ መኪና ውስጥ ግቡ ሲባሉ እምቢ ብለዋል። ጉንፋን «ምን ቋንቋ ነው?» አለቻት። አረብኛ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አረብኛ ተርጓሚ በስልክ አገናኟቸው፤ አሮጊቷ ስልኩን ለጥድፊያ መለሱላት።

«ስሟን የምትነግረኝ ይመስለኛል» አለች ጥድፊያ፤ ከዚያ ፊደል በፊደል ቆጠረችው። «አስ… ቴ… ማ… ሪ። ሚስ አስተማሪ።»

እኔና ጋሽ መስፍን ተያየን።

«ግራ የገባት ትመስላለች» ቀጠለች ጥድፊያ፤ «አምቡላንስ ይምጣና ሆስፒታል ትታይ።»

የተጠራው ፌርማታ ከእኔ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ተነሣሁ። ጋሽ መስፍን አልተነሡም። ደብተሩን ዘጉት፣ ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት። በሚቀጥለው ወር የዜግነት ቃለ መጠይቅ ነበረባቸው፤ ለስምንት ዓመት የጠበቁት። በዚያ ሰሞን ከፖሊስ መኪና ኋላ መንዳት እንኳ ይፈሩ ነበር።

«ምን ሰምታችሁ መጣችሁ ቢሉን?» አሉኝ።

«በዚህ ስናልፍ ነው እንላለን።»

«እኔ ለፖሊስ አልዋሽም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅሩ፣ እኔ ልሂድ።»

ጃኬታቸውን አንሥተው ከእኔ ቀድመው ሊፍቱ ጋ ደረሱ።

ፌርማታው አግዳሚ ላይ አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጥድፊያ ቆማለች። ለሁለት ዓመት ድምፅዋን ከእህቴ ድምፅ ይበልጥ የማውቃት ሴት አጭር ሆና አገኘኋት፤ ግዙፍ አድርጌ ነበር የሳልኳት። እሷ በበኩሏ እኛን ዐይታን አታውቅም። በጣም የሚያሳፍር ስሜት ነው።

«እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና «ተመስገን!» አሉ። «በል ንገራት። እኔ አልጠፋሁም።»

«የት እየሄዱ ነው?»

«የትም። ቁጭ ብዬ ነው። እዚህ አገር ቁጭ ማለት ክልክል ነው?»

ዘነበች ይባላሉ። ደሴ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ልጃቸው ሂሩት ሆቴል ውስጥ ሁለት ሺፍት ትሠራለች፣ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ሲመጡም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱላቸው። ፌርማታው ላይ ግን ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ፈገግ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ ይመጣሉ። የዚያን ቀን አንድ ደግ ሰው አዝኖላቸው ለፖሊስ ደወለ። ደግ ሰው አንዳንዴ ጣጣ ነው።

ጥድፊያ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር እንዳላቸው እንድጠይቅላት ነገረችኝ። እማማ ዘነበች ዐይናቸውን ከእኔ ወደ ጋሽ መስፍን አዞሩ። «ቁጥሩ እዚህ አለ» አሉ ደረታቸውን ነካ አድርገው፤ «ግን አልሰጣትም። ፖሊስ ሥራ ቦታዋ ከደወለ ልጄን ያባርሩብኛል።»

አስተርጓሚ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ቁጥር የላቸውም» ብል ሆስፒታል ይወስዷቸዋል። «አላቸው፣ ግን አይሰጡም» ብል የሰው ቤት ጓዳ ለፖሊስ መክፈት ነው። ጉሮሮዬን ስጠርግ ጋሽ መስፍን ቀደሙኝና በዚያ ቀስ ባለ የፓርኪንግ እንግሊዝኛቸው እንዳለ ነገሯት፤ አስተማሪ ስማቸው ሳይሆን ሥራቸው መሆኑን፣ እንዳልጠፉ፣ ቤት ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው አጥተው መውጣታቸውን፣ ለልጃቸው እንጀራ መፍራታቸውን።

ጥድፊያ ሰምታ ስትጨርስ «እናንተ ግን እንዴት አወቃችሁ?» አለች።

እኔ «በዚህ ስናልፍ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ስካነር አለን» አሉ ጋሽ መስፍን። «አንቺን ሰምተን ነው።»

ፖሊሷ ማይኳን ነካ አድርጋ «ድምፄ እንዴት ነው? ጥሩ ይሰማል?» አለች።

«አይሰማም» አሉ ጋሽ መስፍን። ለፖሊስ አይዋሹም። «ማይኩን አፍሽ ላይ ታስጠጊዋለሽ። ሁለት ጣት አራቂው። ደግሞም ቁልፉን ተጫኚና ትንሽ ቆይተሽ ተናገሪ፤ ኮምፒውተሩ መስመር እስኪሰጥሽ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች።»

ሳቀች። እማማ ዘነበች «ምን አላት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው «ይሄስ እውነተኛ አስተማሪ ነው» አሉ።

አምቡላንሱ ቀረ። ቤታቸውን ራሳቸው መርተው ካሳዩ ይበቃል ተባለ። ፖሊስ መኪና ውስጥ ከምገባ ግን ሞቼ ልገኝ አሉ፤ አበሻ የሞላበት አፓርታማ ነው፣ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ በእግር ሄድን። እማማ ዘነበች ከፊት፣ ጋሽ መስፍን ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ የፖሊሱ መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ እንደ ሙሽራ አጃቢ ይንፏቀቃል። በየመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ይላል። የአፓርታማቸው ሊፍት ጋ ሳንደርስ ሂሩት በስንት ሰው አፍ ሰምታ ከሥራ እየሮጠች ነበር። እኛ ሰፈር ያለው መገናኛ ምንም ትራንክድ አያስፈልገውም።

የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እያለከለከች ደረሰች። «እማዬ፣ ለምን ኮል አላደረግሽኝም?»

«ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ ብቻሽን ትወጫለሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ሙሉ ልጅ ሲሰማኝ ኖሬያለሁ፣ ሂሩትዬ። እዚህ የሚመልስልኝ ፍሪጁ ብቻ ነው። እሱም ማጉረምረም ነው የሚያውቀው።»

ሂሩት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናትየውም አጠገቧ ወርደው ተቀመጡ። ጥድፊያ ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር ጻፈችና ሄደች። ሂሩትንም ከሥራ ማንም አላባረራት። ጋሽ መስፍንም በተከታዩ ወር ቃለ መጠይቁን አለፉ፤ ስለ ስካነር የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እማማ ዘነበች በየቀኑ ረፋድ ላይ፣ ፓርኪንጉ ጋብ ሲል፣ ለጋሽ መስፍን መደወል ጀመሩ። አንድ ሰዓት ይናገራሉ። አሥር ቡድን በአንድ ጊዜ የሚከታተሉት ሰውዬ አንዲት ቃል ጣልቃ ማስገባት አልቻሉም። «በዚህ መስመር ላይ ወረፋ አይደርሰኝም» እያሉ ያማርራሉ፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ግን ስልኩን ቻርጅ አድርገው ይጠብቃሉ። ከአራት ዓመት በኋላ እማማ ዘነበች ወደ ደሴ ተመለሱ። ስልኩ ግን አልቆመም፤ ደዋዩ ጋሽ መስፍን ሆኑ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ ፖሊሶቹ ንግግራቸውን ኢንክሪፕት እያደረጉ አንድ በአንድ ቆለፉት። የቡድኑ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይበራል፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ ታያላችሁ፣ ምን እንደሚል ግን አትሰሙም። ተናደድኩ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን አልፈረድኩባቸውም። በእነዚያ ማክሰኞዎች ስንት ሰው በሕይወቱ ክፉ ቀን ስሙና አድራሻው ሲጠራ እኔ በረንዳዬ ላይ ሻይ እየጠጣሁ ሰምቻለሁ። ጋሽ መስፍንም ጉልበታቸውን ብርድ ሲጎዳው ወደ ሞቃት አገር፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ስካነራቸውንና ደብተሩን ለእኔ ተዉልኝ።

አሁን ክፍት የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የውሃ ቧንቧ ጠጋኞች፣ መንገድ ጠራጊዎች። ባለፈው በረዶ የጣለ ጠዋት ስካነሩን ከፍቼ ቁርሴን ስበላ በረዶ የሚጠርግ ሾፌር ለጓደኞቹ «እንደምን አደራችሁ፣ የተነሣ ሰው አለ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፣ አፌ እንጀራ ሞልቶ።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ስካነር ይሰማል እንጂ እንደማይናገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሰላም ብሏል፤ ምን ላድርግ?