አያ ደረበና የመቅዘፊያው መጨረሻ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ለዚያውም መንፈቅ ሳልሞላ ወጣሁ። መጻፍ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም። ግን አያ ደረበን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በየአገሩ የሰውን ሥራ ጀምሮት የማያውቅ፣ አጨራረሱን ግን የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። ሽንፋ ወንዝ ዳር ለምንኖረው የደረሱን አያ ደረበ ናቸው። ትራክተር ነጂው ትልሙን ጨርሶ ሲዞር «መጨረሻዋ ላይ ቸኮልህ» ይሉታል። ለቅሶ ቤት አልቃሿን «መዝጊያው ላላብሽ» ብለዋታል። ቄሱን እንኳ ጸበል ረጭተው ሲያበቁ «አባ፣ የመጨረሻዋ ላይ እጅዎ ሰነፈ» አሏቸው። ቄሱም የተረፈውን ጸበል ፊታቸው ላይ ደፉላቸው።

እኔ ክረምት ክረምት የቀን ሠራተኛ በጀልባ ወደ ማዶ ሰሊጥ እርሻ አሻግራለሁ። ደገኛ ነኝ፤ ከውሃ በፊት የማውቀው አውድማ ነው። መቅዘፊያውን ስቤ ስጨርስ ታዲያ እጄ፣ ሳላዘው፣ እህል በላይዳ እንደሚያዘራ ሰው ወደ ላይ ይወረውራል። ውሃው ሠራተኛው ላይ ይዘንባል፤ ጀልባዋ ትደነግጣለች፤ አፍንጫዋ ይዞራል፤ ጎርፉም ከመውጫችን አሳልፎ ገደል ሥር ይወስደናል። ከዚያ በገመድ ነው የሚጎትቱን።

ሁለቴ እንዲህ ሆነ። የጀልባ ማኅበራችን ሊቀመንበር ወይዘሮ ውባንች ጠሩኝና፣ «ሸጋው፣ እስከ ሐሙስ ካላስተካከልህ መቅዘፊያውን ለደሞዝ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ተራ የሚጠብቀው ቀዛፊ ደሞዝ አጠገባቸው ቆሞ እጅጌውን ይሰበስባል። እኔ ሌላ እንጀራ የለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ደረበ በየጠዋቱ ጀልባዋ ላይ መውጣት አመጡ። «ማዶ ጉዳይ አለኝ» ይላሉ። ፊት ለፊቴ ይቀመጡና ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ማዘዝ ይጀምራሉ።

«ያ ዞል! ማን አዝራ አለህ? ኸላስ በል!»

ያ ዞል በሱዳንኛ አንተ ሰው፣ ኸላስ ደግሞ አለቀ ማለት ነው። ገዳሪፍ ሠርተው ሲመለሱ ከነሻንጣው ይዘውት የመጡት ነው።

«ምኑን ነው ኸላስ የምለው፣ አያ?»

«ስበቱን ነዋ! እስከ ጎድንህ ሳብ። ደረሰ? አሁን አትወርውር፤ እጅህን ወደ ታች ጫን አድርገው፣ ጠፍጣፋው ራሱ ከውሃው ይወጣል። ከዚያ እጅህን ቶሎ ወደፊት ስደድ። ወደ ኋላም አትንጋለል፣ አልጋ አይደለም!»

ሠራተኞቹም ለመዱት። ስቤ በጨረስኩ ቁጥር ጀልባው ሙሉ ሰው ባንድ ድምፅ «ኸላስ!» ይልብኛል። ከወሎ የመጣች ዙፋን የምትባል ሠራተኛ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች፣ «ኧረ ወንድሜ፣ እኔስ ታጥቤ ነው የመጣሁት!» አለችኝ። እንጃ፣ በልቤ አያ ደረበን ስንቴ ወንዙ ውስጥ እንደጨመርኳቸው እግዜር ይቁጠረው።

ሐሙስ ውሃው ሞልቶ መጣ። ወይዘሮ ውባንች ሊያዩኝ ራሳቸው ተሳፈሩ። አያ ደረበም እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊቴ ናቸው። መሐል ስንደርስ ትእዛዝ ብጠብቅ ዝም። ቀና ብል ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ አቡነ አረጋዊን ይማጸናሉ። ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ሳብኩ፣ ጫን አደረግኩ፣ ሰደድኩ። ደግሜ ሳብኩ። አንዲት ጠብታ ሰው ላይ አላረፈችም። ጀልባዋ ሄዳ ልክ መውጫው ላይ ተቀመጠች።

ወይዘሮ ውባንች ወርደው፣ «መቅዘፊያው ያንተው ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አመስግናቸው። ያን ዕለት ልነጥቅህ ስል እስከ ሐሙስ ብለው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው» አሉ።

«ማዶ ጉዳይ አለኝ ይሉኝ የለ?»

«የምን ጉዳይ! እርሻቸው ያለው በተነሣንበት ዳር ነው። ሰሊጣቸውን አረም ሊበላው ነው። ውሃ እንደሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይፈራሉ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። መሬት ሲረግጡ ነፍስ ዘርተዋል። «ከመሐል በኋላ ሦስተኛዋ ስበት ትንሽ ጎደለች» አሉኝ። በተጨፈነ ዓይን!

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባዋን ሳልፈታ እርሻቸው ገብቼ ማረም ጀመርኩ። አንድ መስመር ሳላጋምስ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ እኮ!»

ተመልሼ ሥሩን ነቀልኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።