በሬን ላክልኝ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱን ላሳስት እችላለሁ። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር ወይስ እሑድ፣ ሙሽራዋ የያዘችው አበባ ነጭ ነበር ወይስ ቢጫ፣ ብትጠይቁኝ ለመማል እፈራለሁ። ፎቶውን አይቼ እንዳላረጋግጥ ደግሞ የዕለቱ ፎቶ አንሺ እኔ ነበርኩ፤ ለምን እንደማይረዳ በኋላ ይገባችኋል። የማልሳሳተው ክብደቱን ነው። እሱን የእጄ አንጓ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ለመሆኑ ሰው ያለውን ነገር እንዳለ መተው ለምን ያቅተዋል? ስልክ ይኖረዋል፤ ከሥሩ ሌላ ባትሪ ያንጠለጥላል። ቤት ይኖረዋል፤ ከጎኑ ሰርቪስ ይቀጥላል። ማኪያቶ ያዝዛል፤ ላዩ ላይ ቸኮሌት ካልተነሰነሰበት አይጠጣም። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ፣ ፒያሳ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ካሜራው የሚፈልገው ብርሃንና ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነበር። ዲጂታል የሚሉትን ልጄ ከገዛችልኝ ወዲህ ግን ኑሮዬ ባትሪ መጠበቅ ሆነ። የባትሪዋ ምልክት አንድ መስመር ስትቀንስ እኔም አብሬ እቀንሳለሁ። ትርፍ ባትሪ በመሐረብ ጠቅልዬ በውስጥ ኪሴ እይዛለሁ፤ በየመንገዱም መኖሩን እየዳበስኩ አረጋግጣለሁ።

ይህን ጭንቀቴን ለይማም መንገሬ ነው ጥፋቴ።

ይማም የልጅነት ባልንጀራዬ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው አራዳ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። እሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ቁም ሳጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ፣ ካሜራ ይጠግናል፣ ይሸጣል፣ ከሁሉም በላይ ግን ይመክራል። ካሜራዬን አገላብጦ አየና፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ካሜራ እግር የለውም እኮ፣ ለስንት ዘመን ስታስድኸው ልትኖር ነው አለኝ። ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ነገር አወረደ። ግሪፕ ይባላል አለ። ከካሜራው ሆድ ሥር በብሎን የሚታሰር፣ በአንድ ባትሪ ፋንታ ሁለት የሚይዝ መያዣ ነው።

ምን ይጠቅመኛል አልኩት። ሁለት ባትሪ ማለት ሁለት እጥፍ ዕድሜ ማለት ነው፣ በኛ ዕድሜ ይህን የሚያቀርብልህ ሌላ ማን አለ አለኝ። ደግሞም ሰው በቁመቱ ስታነሳ ክርንህን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አትሰቅልም፣ ይኸው ጎኑ ላይ ሌላ የማንሻ ቁልፍ አለው አለ። እውነቱን ለመናገር ትከሻዬን ከክረምት ጀምሮ ይወጋኝ ስለነበር ይቺኛዋ ልቤን ነካችው። ሦስተኛውን ግን ያመጣው እንደ ምርቃት ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪ መሙላት ካልቻልክ፣ ይህን ሌላውን ማስገቢያ ትከትና ስድስት ድንጋይ ታጎርሰዋለህ አለኝ። ድንጋይ ያለው የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ የኛ ዘመን ሰው ሌላ ስም አያውቅለትም።

እኔም የማይከራከር ሰው አይደለሁም። አንድ ዕቃ የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው አልኩት፤ ሁለት ዕቃ ስትገጣጥም ግን የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው፤ አንዱ፣ ሌላው፣ መገናኛቸው። ሚስት ስታገባም እንዲሁ ብለህ ነበር አለኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ግሪፑ እንዲገጠም የካሜራው የባትሪ ክዳን መነቀል ነበረበት። እኛ በር ነው የምንለው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት። ይማም ጠቅ አድርጎ ነቀላት። የት ልትቀመጥ ነው አልኩት። እኔ ጋ፣ በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ኪስህ ከገባች በቀን መቶ ጊዜ ዳብሰህ ትጨርሳታለህ አለኝ። እንደሚያውቀኝ ስለማውቅ ትቼለት ሄድኩ።

ሠርጉ የአቶ ጴጥሮስ ልጅ የሊድያ ነበር። አቶ ጴጥሮስ አፍንጮ በር ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታ የወጣ የአማርኛ አስተማሪ፣ ጴንጤ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ጳውሎስ ይባላል። ወላጆቻቸው እነዚህን ስሞች ሲያወጡ ምን ተስፋ እንዳደረጉ እንጃ፤ ሁለቱ ግን እናታቸው ከተቀበሩ ጀምሮ አይነጋገሩም። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የልጆች ስም ተዘረዘረ፣ የጳውሎስ ስም ተዘለለ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ጴጥሮስ ነው። ተረስቶ ነው አለ አንዱ፤ የእናቴ ልጅ መሆኔ እንዴት ይረሳል አለ ሌላው። በቃ፤ ስንት ዓመት።

ሊድያ ከሠርጉ በፊት ቤቴ ድረስ መጣች። ጋሽ ወርቁ፣ አጎቴን ለምኜ ለምኜ እሺ አስብዬዋለሁ፣ ከአባቴ ጋር እኔን መሀል አድርጎ ይቆማል አለችኝ። አንድ ፎቶ ብቻ፣ ፕሮግራሙ ሳይጀመር፣ ከዚያ እሄዳለሁ ብሏል። በስልክ አይሆንም፣ ስልክ ላይ ከወጣሁ ማታ አገር ያየኛል ብሏል፤ በካሜራ ብቻ። ሌላ ፎቶ አንሺ አልጠራሁም፣ የመጀመሪያ ጉርድ ፎቶዬን ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ እንዳያመልጥዎ እባክዎ አለችኝ። ስትሄድ ዓይኗ እርጥብ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የዋዜማው ዕለት ደግሞ መብራት ጠፋ። ባትሪዎቼ ግማሽ ላይ ቆሙ። ግማሽ ባትሪ አምኖ እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ የሚቆም ሰው ካለ እሱ እኔ አይደለሁም። ሄጄ ስድስት ድንጋይ ገዛሁ፣ ግሪፑን አጎረስኩት፣ ሞከርኩት፤ ሠራ። የባትሪውን ማስገቢያ ክብደት ለመቀነስ ቤት ተውኩት። አንድ ግማሽ ባትሪ ብቻ ለክፉ ቀን በመሐረብ ጠቅልዬ ያዝኩ።

አዳራሹ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ የምትፈትሸው ልጅ ትሁት ናት፣ ግን ሥራዋን ጠበቅ ታደርጋለች። ካሜራዬን አነሳችና፣ አባባ ይሄ በጣም ይከብዳል፣ ውስጡ ምንድን ነው አለችኝ። ድንጋይ ነው ልጄ አልኳት። ምን አሉኝ አለች። ስድስት ድንጋይ አልኳት፤ ቁጥሩን የጨመርኩት ግልጽ ይሆናል ብዬ ነው። ሠርግ ላይ ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል አለች። ካለሱ አይነሳም አልኩ። ማን ነው የሚነሳው አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ መሳቅ ጀመረ። ያውጡት አለችኝ፤ አወጣሁት። ስድስቱም ጠረጴዛዋ ላይ ተንከባለሉ። ባትሪ ነው እንዴ፣ ታዲያ ባትሪ ነው አይሉኝም አለች። ለኔ ባትሪ ማለት የሚያበራው ነው፣ ይሄ ድንጋዩ ነው ብዬ ላስረዳት ስል ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ። እየተቻኮልኩ መልሼ ጠቀጠቅኳቸውና ገባሁ።

ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ጴጥሮስ በቀኝ፣ ጳውሎስ በግራ፣ ሊድያ መሀል። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚያዩት አንዱ ጣራውን፣ ሌላው መውጫውን ነው። ካሜራውን ከፈትኩ። ዝም። አጥፍቼ ከፈትኩ። ዝም። ብሎኑን አጠበቅኩ፣ አላላሁ፤ ዝም። ሦስተኛው የሚበላሽበት ቦታ ማለት ይኼ ነው። ሊድያ ፈገግታዋን ሳታጠፋ በጥርሷ መሀል፣ ጋሼ፣ ምን ሆነ አለችኝ።

ለክፉ ቀን የያዝኩት ባትሪ ትዝ አለኝ። ግሪፑን ፈትቼ ስጥለው ገሚሶቹ ድንጋዮች ከውስጡ ወጥተው ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ባትሪዋን ካሜራው ሆድ ውስጥ ከተትኳት። ይህ ካሜራ ግን በሩ ካልተዘጋ ክፍት ነኝ ብሎ አይነሳም። በሩ ደግሞ ይማም ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ጳውሎስ ሰዓቱን አየ።

ለይማም ደወልኩ። መዘምራኑ ድምፅ ማጉያ እየሞከሩ ስለነበር እሱ አይሰማኝ፣ እኔ አልሰማው። ዘጋሁና መልእክት ጻፍኩለት፦ ይማም፣ በሬን ቶሎ ላክልኝ፣ ሠርገኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው።

መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ ምን ነካህ፣ በዚህ ሰዓት በሬ ከየት ይመጣል፣ ሥጋው አነሰ እንዴ?

ሰው ጨንቆት ሳለ የሚቀልድበት ባልንጀራ አይስጣችሁ። ቀልድህን ተው ብዬ ጻፍኩ፤ ያለ በሬ ምንም አይሆንም፣ ታክሲ ውስጥ አስቀምጠህ ላከው።

ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ በሬ ታክሲ ውስጥ አይቀመጥም። የኛን ሥጋ እንደማትበሉ ስለማውቅ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሰው ልኬያለሁ። ስንት ኪሎ ይበቃል? ወገቡ ይሻላል ታፋው?

ይህን ደጋግሜ ሳነብ ጳውሎስ መጣብኝ። ጋሽ ወርቁ፣ ለአንድ ፎቶ ነው የቆምኩት፣ ለዘብ ጥበቃ አይደለም፣ ምን እየጠበቅን ነው አለኝ። በሬን አልኩት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ አነበበ። አንድ ጊዜ አነበበ፣ ሁለተኛም አነበበ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ፣ ጴጥሮስ፣ ና ይህን አንብብ አለ።

አዳራሹ ውስጥ ይህን ያስተዋለች ሊድያ ብቻ ናት። ቆማ ቀረች።

ጴጥሮስ መጣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ተማሪ የሚያርም ይመስል አንገቱን ነቀነቀ። ጠብቆ ሲነበብ የጋሽ ወርቁ በር ነው፣ ላልቶ ሲነበብ እንስሳው ነው፣ ፊደላችን አይለየውም አለ። ታዲያ ክዳን አይልም ነበር አለ ጳውሎስ። ክዳን ማለት ነበረበት አለ ጴጥሮስ። ከስንት ዓመት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የኔ አለመቻል ሆነ። እኔ ምን ላድርግ፣ ተንበርክኬ የተበተኑትን ድንጋዮች ከወለሉ እየለቀምኩ ነበር። እነሱ ከላዬ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ሊድያም መሀላቸው ገብታ ትስቃለች፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አልለየሁም።

የፍተሻዋ ልጅ ሳቁን ሰምታ ገብታ ነበር። በስልኳ አነሳቻቸው። ጳውሎስ አላየም፤ ቢያይም ያን ዕለት የሚቆጣ አይመስለኝም። ቀጥላ አጠገቤ ቁጭ አለችና ግሪፑ ውስጥ ወደ ቀሩት እያመለከተች፣ አባባ፣ አንዱን ድንጋይ ገልብጠውታል እኮ አለችኝ። አስተካከለችው፣ የለቀምኩትን መልሰን ግሪፑን ገጠምነው፣ ካሜራው ተነሳ። ለካ በሩ ጭራሽ አያስፈልገኝም ነበር። ድንጋዮቹ ደግሞ ኬኩ ጋ ሳንደርስ አለቁ፤ የቀረውን ሠርግ ሰው ሁሉ በየስልኩ አነሳው። እሄዳለሁ ያለው ጳውሎስም ማታ ድረስ ቆየ። ከሰዓት በኋላ በታክሲ አምስት ኪሎ ሥጋ መጣ። ፍተሻው ላይ፣ ይሄስ ምንድን ነው ስትባል ይማም የላካት ሴትዮ፣ የጋሽ ወርቁ በሬ ነው አለች አሉ።

ዛሬ በጴጥሮስ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያ የስልክ ፎቶ ጎልቶ ተሰቅሏል። ሦስቱ ይስቃሉ። ከፊት ለፊታቸው የኔ ጀርባና ከጀርባ ዝቅ ያለው አካሌ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ ኖሬ፣ እኔ የተነሳሁት በዚህ በኩል ነው።

እንግዲህ ግሪፕ ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ትከሻ ያሳርፋል፣ እጅ ይሰብራል፣ ልብ ያወልቃል እላለሁ። ነቅዬ ልጥለው ቆርጬ በሳምንቱ በሬን ልቀበል ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ሱቁ የለም። የሱቆቹ መደዳ ሁሉ ፈርሶ ተነስቷል፤ የይማም ስልክም አይነሳም። ካለ በር ግሪፑን ማውለቅ አልችልምና እስከ ዛሬ ተሸክሜው እዞራለሁ።

በመጨረሻ ከይማም ሱቅ ጎን ይሠራ የነበረውን ሰዓት ሠሪ መንገድ ላይ አገኘሁት። ይማም ራቅ ያለ ሰፈር ሱቅ ከፍቷል፣ ሰላም ብሎሃል አለኝ። በሬስ አልኩት። አንድ ሰው ይህን ግሪፕ የሚባለውን ተሸክሞ መጥቶ፣ አንገሸገሸኝ፣ አንሱልኝ፣ የካሜራዬ በር ጠፍቶብኛል ብሎ ቢያለቅስበት ያንተን አውጥቶ ገጠመለት አለኝ። ወርቁ ግሪፑን ወዶታል፣ በር ምን ያደርግለታል ብሎ ነው። ይህን የሰማሁት ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ባለው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ይማምም ሆነ ስለ በሬ የሰማሁት ወሬ የለም።