ፍሪጅ ጠጋኙ ለቤት ብድር ሲሉ የደም ግፊታቸውን ድል እንደ ነሡ

በዘመነ ኪራይ፣ በአራተኛው ዓመት፣ አከራይቱ «ልብስ ማጠብ ቅዳሜ ብቻ! መብራት በሦስት ሰዓት ይጥፋ!» ብለው ባወጁ በሁለተኛው ወር፣ ሥዩመ ደመወዝ፣ ፈዋሴ ፍሪጅ፣ መዋዔ በረዶ የሆኑት ፍሪጅ ጠጋኙ ቤት ሊገዙ ተነሡ፤ ወተንሥአት ምስሌሁ ብእሲቱ፣ ባለቤታቸውም አብረው ተነሡ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ የሠላሳ ሰው ልጅ ቀን ቀን የሚያሳድጉ፣ የራሳቸው ግን አንድም የሌላቸው።

የሌላቸውም ስላልፈለጉ አይደለም። የሚኖሩባት ክፍል አልጋው ከገባባት ወዲህ በሯ በግማሽ ብቻ የሚከፈት ናትና፣ ባለቤታቸው «ክፍል ሳይኖረው ልጅ አይመጣም!» የሚል አዋጅ ካወጁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጀግናው ደግሞ ልጅ ሲወዱ ለጉድ ነው፤ ፍሪጅ ሊጠግኑ ከገቡበት ቤት ሕፃን ካገኙ መፍቻቸውን አስጨብጠው ሲያጫውቱ ሥራው ይረሳቸዋል።

ወእምዝ ሦስት እርምጃ በሁለት የሆነች ትርፍ ክፍል ያላት ቤት ተገኘች፤ ባንኩም «የሁለታችሁም የሕይወት ኢንሹራንስ እስከ ዓርብ ካልገባ ብድሩ ተሰርዟል!» ብሎ አስነገረ። ኢንሹራንሱ የጤና ምርመራ ይሻል። ባለቤታቸው በአንድ ቀን ጨረሱ። የባዶ ሽቦ ንዝረት ያልበገራቸው ጀግና ግን የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ሲያዩ ላብ አጠመቃቸው።

ሰኞ የመጀመሪያው ዘመቻ ሆነ። ነርሷ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ እየጠመጠመች ብድሩ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀች፤ ጀግናው ሃያ አምስት የምትለውን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ ግፊታቸው አብሮ ወጣ፣ መቶ ስልሳ አምስትም ገባ። «ሲረጋጉ ይመለሱ!» ተብሎ ታወጀ።

ረቡዕ ጦሩ ሁሉ ተከተላቸው፤ በቀኝ አማታቸው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ዘርግተው፤ በግራ የባለቤታቸው አጎት፣ ቤት ገዝተው የማያውቁ የቤት ግዢ አማካሪ፤ ከኋላ አንድ የሥራ ባልደረባቸው፣ ከሥራ የሚያስቀር ምክንያት የማያመልጠው፤ በመካከል ባለቤታቸው፣ የሰነዱን ፎልደር ታቅፈው። አጎትየውም በምርመራው ክፍል በር ላይ ቆመው «አይዞህ፣ አትፍራ! ቢበዛ ቤቱ ከእጅህ ይወጣል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል!» ሲሉ አወጁ፤ ግፊቱም መቶ ሰማንያ ሆነ፤ አጎትየውም በምክራቸው ረክተው ሄዱ።

ወኮነ በዕለተ ዓርብ፣ ባለቤታቸው ጦሩን በትነው ባላቸውን ብቻ ይዘው መጡ። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ ደረጃውን ወርዷል። ጀግናው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያቺ ትንሽ ክፍል የሌላ ሰው ልጅ ሲሮጥባት ይታያቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ያን ጊዜ መምህርቷ፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሠላሳ ሕፃን በተራ የሚያስተኙት፣ የባላቸውን ራስ ትከሻቸው ላይ አሳርፈው፣ በዝግታ እያንጎራጎሩ ጀርባቸውን ቸብ ቸብ ያደርጉ ጀመር፤ ጥቂትም ሳይቆይ መዋዔ በረዶ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አንኮራፉም። ተራቸው ሲጠራ ባለቤታቸው ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ በሹክሹክታ ነገር ግን ሠላሳ ሕፃን በሚገዛ ድምፅ «እህቴ፣ እዚሁ ለኪልኝ! የቀሰቀሰው ወየውለት!» ብለው አወጁ። ወረፋው ጸጥ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን አፍነው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የምሳ ሰዓቷ ያለፈባት ነርስም ተንበርክካ ለካች፦ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት።

ወረቀቱ ማኅተም አርፎበት ባንኩ ሳይዘጋ ደረሰ፤ ብድሩም ጸደቀ። ከባንኩ ደረጃ ሲወርዱ ባለቤታቸው ለትንሿ ክፍል ቀለም ይመርጡ ነበር፤ ጀግናው ገና ያዛጋሉ። ድሉ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ዜና መዋዕል ግን የሚጻፈው ለባል ነው፤ ልማዱ ነው፣ እኛም ልማድ አናፈርስም።

እነሆ ሌሎች ኃያላን ተዋግተው አገር ያዙ፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ግን አንኮራፍተው ቤት ያዙ። ስማቸው ከፍ ይበል፣ ግፊታቸው ዝቅ ይበል፤ ዕድሜያቸውም ይርዘም፣ ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት፤ ይህንንም ከወለዷቸው እናታቸው ይልቅ አጥብቀው የሚለምኑላቸው ባንኩና ኢንሹራንሱ ናቸው።