ሰማያዊ ክር ያሰርኳት ርግብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ጠላ አልቀምስም። ስለዚህ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አብሮኝ አረጀ።

በእኛ አገር መቁጠር አይወደድም። ሰው ላሙን አይቆጥርም፤ ልጁንማ ጭራሽ። አባቴን መሪጌታ ታከለን «ስንት ልጅ አለዎት?» ብትሏቸው «እግዚአብሔር የሰጠን አለን» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ ይወስዱት ነበር። ደግሞስ በቤታችን የሚቆጠር ምን ነበረ? እናቴና ታናሼ በአንድ ክረምት በንዳድ ሞተዋል። ታላቅ ወንድሜ አያሌው በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ ከተባለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የቀረሁት እኔ ማንጠግቦሽ ነኝ።

እንግዲህ እኔ፣ የእኚህ ሰው ልጅ፣ ቆጣሪ ሆንኩ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወዲያ፣ ጎንደር ላይ ሴት ልጅ ደብተር ይዛ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ የሚያይበት ዘመን ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ፤ «ሰር» እንላቸዋለን። እሳቸው በቁስቋም ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ያሉት ርግቦች ምን ያህል እንደሆኑ፣ በምን ፍጥነትም እንደሚበዙ ካላወቅሁ አሉ። ቤታችን እዚያው ግንቡ ሥር ስለሆነ ረዳት አደረጉኝ። ርግብ «ቁሚ ልቁጠርሽ» ቢሏት አትቆምም። ስለዚህ ማሽላ በትነን በመረብ እንይዛለን፤ የተያዙትን እግራቸው ላይ ክር አስረን እንለቃለን፤ ሰንበት ብለን እንደገና እንይዛለን። በሁለተኛው ጊዜ ክር ያላቸው ከበዙ መንጋው ትንሽ ነው፤ ካነሱ ግን መንጋው ሰፊ ነው። ድስቱን በጭልፋ እንደ መገመት ያለ ነገር ነው።

ሰር ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ይሥላሉ። መጀመሪያ ያዘግማል፣ ከዚያ ሽቅብ ይሮጣል፣ እህሉና የግንቡ ቀዳዳ አልበቃ ሲል ደግሞ ጋደም ይላል። «መንጋ አራት በር ያለው ቤት ነው» ይሉናል። «በመወለድና በመምጣት ይገባል፤ በመሞትና በመሄድ ይወጣል።»

እማሆይ ጥሩ የሚባሉት ጎረቤታችን ክሩን ባዩ ቁጥር ይስቁብኛል። «ምነው ልጄ፣ ርግቡን ሁሉ ማተብ አሰርሽው? ክርስትናቸውን ማን ሊደግስ ነው?»

አባቴ ግን አልሳቁም። «ጥንት ሕዝቡን ባስቆጠረው ንጉሥ ዘመን የወረደውን መቅሠፍት ረሳሽው?»

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ርግብ ነው።»

«የርግብስ ፈጣሪ ሌላ ነው?»

ክሩን ኪሴ ከትቼ ወደ ግንቡ ወጣሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ በእጄ ያሰርኳት አንድ ጣቷ የጎደለ ርግብ ነበረች። ለሙከራ ሰማያዊ ክር ሰጠኋት፤ ለሌሎቹ ሁሉ ያሰርነው ቀይ ነው። ወራት አለፉ፤ ተመልሳ መረባችን ውስጥ አልገባችም። «ሰር፣ ሞታ ይሆን ወይስ ሄዳ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለቆጣሪ ሁለቱም አንድ ነው» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እሳቸው የነገሩኝ የርግብ ሒሳብ ነው። እኔ የሰማሁት የአያሌውን ነው። ለሞተ ተዝካር ይወጣለታል፤ ለሄደ ምን ይወጣለታል? አባቴ ማታ ማታ ሲጸልዩ የአያሌው ስም ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከሕያዋን ይጨምሩት ወይስ ከሙታን፣ አያውቁማ።

ያን ሰሞን ሰር ባሕር ማዶ ሄጄ ይህንኑ ቆጠራ የምማርበትን ዕድል አመጡልኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ በደስታ ነው። ለአባቴ ስነግራቸው ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁም? ሂጂ» አሉኝ።

ብቻ ያን ማታ ሲጸልዩ ሁለት ቦታ ቆሙ። አንዱ አያሌው ላይ ነው። ሌላው እኔ ላይ።

በነጋታው ለሰር «አባቴ ከለከሉኝ» አልኳቸው። ዓይን አፋር ሰው እውነት መናገር ሲያፍር ውሸት ይቀለዋል። ሰር ተናደዱ፤ ከተማው አወራ። እማሆይ ጥሩ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ምነው መሪጌታ! ሴት ልጅ ብትማር ማኅሌቱ ይጎድልብዎታል?»

በሩ ሥር እንደቆምኩ አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ረዘመ።

«አዎ» አሉ፤ «እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

ከዚያ ወዲያ ለምን ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ሰውም «ልጁን ከትምህርት ያስቀረ» እያለ ሸኝቶ ቀበራቸው፤ እኔም ቀብሩ ላይ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ትምህርቱ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። አሁን የምነግራችሁ ግን ይብሳል።

እማሆይ በመጡ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሰር ሳይደርሱ ብቻዬን ፍርስራሹ ዘንድ ወጥቼ መረቡን ዘረጋሁ። ማሽላውን ገና ከመበተኔ አንድ ጣቷ የጎደለችው ርግብ ሰተት ብላ ገባች። ሰማያዊው ክር ቆሽሾ ግራጫ መስሏል። የት እንደ ከረመች እንጃ፤ ሄዳ ነበር፤ ተመልሳለች። አባቴ ይህችን ርግብ ቢያዩ፣ የሄደም ይመለሳል ብለው ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ድረስ እንደሚያደርሱኝ አውቄዋለሁ።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

ሰር እያለከለኩ ደረሱ። ጣቷን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅላት የለም።

«አዲስ ናት?» አሉኝ።

«አዎ ሰር፣ አዲስ ናት» አልኳቸውና ቀዩን ክር አቀበልኳቸው።