«ሙያ» የሚለው ሳጥን

ጓዙን ጠቅልሎ የገባበት አንድ አመልካች የሌለው ፍርድ ቤት የለም፤ ካለም ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሕንፃ ነው። ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የደረሷት «ክቡር አመልካች» ነበሩ። ስሙን ያወጣችላቸው ራሷ ናት፤ ፊት ለፊት ግን ጠርታቸው አታውቅም።

ክቡርነታቸው ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ይደርሳሉ። በአንድ እጃቸው በጫማ ክር የታሰረ ፋይል፣ በሌላው ተተኩሶ በላስቲክ የተሸፈነ ጥቁር የጠበቃ ካባ። ካባውን መልበስ አይችሉም። አንድ ቀጠሮ ቀርተው ደንበኛቸው ቤቷን በማጣቷ፣ የጠበቆች ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ፈቃዳቸውን ነጥቋቸዋል። መቅረታቸውን ክደው አያውቁም።

«ጥፋት የለብኝም አላልኩም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ስሙኝ ነው ያልኩት።»

ወረፋ ሲጠብቁ የሰውን ሁሉ ማመልከቻ ገጽ ይቆጥራሉ፤ ገጽ ሰባት ከጎደለ ባለቤቱን እንደ ነፍሰ ገዳይ ያዩታል። ሴትዮዋ የእሳቸውን መዝገብ መክፈቻ ቅጽ ስትሞላ «ሙያ» የሚለው ሳጥን ጋ ስትደርስ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ባዶ ይተዉት እህቴ፤ ፍርድ ቤቱ ይሞላዋል።»

በመጀመሪያው ክርክር አሸነፉ፤ ፍርድ ቤቱ ቦርዱን፣ ሳትሰማ ወስነሃልና ስማቸው አለው። ቦርዱ ሰማቸውና መልሶ ነጠቃቸው። ሁለተኛም አሸነፉ፤ ቦርዱ ምክንያቱን እንዲጽፍ ታዘዘ። አሥራ አራት ገጽ ጽፎ ነጠቃቸው። ሴትዮዋ ለባልደረባዋ፣ ሰውየው ቢላዋውን በገዛ እጃቸው ስለው ለአራጁ አቀበሉት አለቻት። ሁለቱም ሳቁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከሰሱ፤ በሰባተኛው ዓመት የመጨረሻው ውሳኔ መጣ። ቦርዱ ሰምቷል፣ ምክንያቱንም ጽፏል፤ ከዚህ ወዲያ ፈቃዱ ይገባቸዋል አይገባቸውም ማለት የፍርድ ቤቱ ሥራ አይደለም ይላል። ክቡርነታቸው መስኮቱ ሥር ቆመው አነበቡት። እንደ ልማዳቸው ገጹን ቆጠሩ።

«ሙሉ ነው» አሉ። ፈርመው፣ ፋይላቸውን መስኮቱ ላይ ትተው፣ ካባውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ።

በማግስቱ ሴትዮዋ እፎይ ማለት ነበረባት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ትላለች። የተዘጋ መዝገብ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ባዶ ሳጥን ይዞ ግን አይወርድም፣ ደንብ ነው።

«‹ሥራ የሌለው› ብለሽ ጻፊና ገላግይን» አለች ባልደረባዋ።

ሴትዮዋ ቅጾቹን አንድ በአንድ አወጣች። በሦስቱም ላይ፣ እጇን ሳታቻኩል፣ «ጠበቃ» ብላ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፤ ፋይሉንም በዚያው የጫማ ክር መልሳ አሰረችው።